እምነት፣ መሬትና ፍትህ፦ ሐዋሳ ላይ የአካባቢ ታሪክ ወደ ኮሌጅ ሲገባ ለምን ያከራክራል?

ሐዋሳ ላይ አንድ ኮሌጅ እምነትን፣ ማህበራዊ ፍትህንና የአካባቢ ታሪክን አንድ ላይ የሚያነሳ ጥናት ወይም ንግግር ሲያዘጋጅ ሁለት ቅሬታ አብሮ ይነሳል። አንዱ ወገን “ኮሌጅ ውስጥ ስብከት ምን ይሠራል?” ይላል። ሌላው ደግሞ “እምነት የነፍስ ጉዳይ ነው፤ የመሬትና የገባር ጣጣ ውስጥ ለምን ትከቱታላችሁ?” ብሎ ይቆጣል። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ። መነሻቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም እምነት፣ ፍትህና ታሪክ የየራሳቸው ክፍል እንዳላቸው፣ በመካከላቸው ያለው በርም ተዘግቶ መቆየት እንዳለበት ያስባሉ።

በደቡብ ኢትዮጵያ ታሪክ ያ በር ተዘግቶ አያውቅም። ለምን እንዳልተዘጋ፣ ምሁራን ዛሬ ምን እንደሚከራከሩበት፣ ክርክሩስ ለሐዋሳ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ማየት ተገቢ ነው።

ሕጉ የከለከለው ምንድን ነው?

መጀመሪያ የሕጉን ነገር እናጥራ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ፣ ከፖለቲካ ወገንተኝነትና ከባህላዊ አድልዎ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም የማቋቋም መብት አላቸው ይላል። ብዙ ጊዜ “ሴኩላር” የሚባለው ይህ አሠራር ነው። መንግሥት በሃይማኖት ጣልቃ አይገባም፤ ሃይማኖትም በመንግሥት ጣልቃ አይገባም።

ስለዚህ ሐዋሳ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቤት አለ። አንደኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። የዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲመሠረት ከመሠረቶቹ አንዱ በ1969 የተከፈተው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ነበር። ሁለተኛው አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው የሚያስተዳድሩት የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ነው። በመጀመሪያው ቤት መስበክ አይቻልም። ስለ እምነት ማጥናት ግን የተከለከለ አይደለም። ሰው እንዴት እንደሚያምን፣ እምነቱ መሬቱን፣ ጋብቻውንና ዳኝነቱን እንዴት እንደቀረፀው መመርመር የታሪክና የማህበረሰብ ጥናት ሥራ ነው። ብዙው ግራ መጋባት የሚመጣው “ስለ እምነት ማጥናት” እና “እምነትን ማስተማር” አንድ ተደርገው ስለሚታዩ ነው።

ማህበራዊ ፍትህ ሲባል

ቃሉ አዲስ ነው፤ ሐሳቡ ግን አሮጌ። ማህበራዊ ፍትህ ሲባል የሚጠየቀው በአጭሩ ይህ ነው፦ መሬቱ፣ ሥራው፣ ትምህርቱና ክብሩ ለማን ደረሰ? ለማን አልደረሰም? ያልደረሰውስ በራሱ ጥፋት ነው ወይስ ሥርዓቱ ስለከለከለው? ፍርድ ቤት የሚያየው አንድ ሰው በአንድ ሰው ላይ የፈጸመውን በደል ነው። ማህበራዊ ፍትህ ግን በዳዩ በስም ተጠርቶ ሊቆም የማይችልበትን በደል ጭምር ያነሳል።

በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነቢዩ አሞጽ “ፍርድ እንደ ውኃ፥ ጽድቅም እንደማይደርቅ ፈሳሽ ይፍሰስ” ይላል። እዚህ ላይ ጽድቅ ከፍርድ ጋር ተጣምሮ የቆመ፣ በገበያና በአደባባይ የሚታይ ነገር ነው። በዕለት ንግግራችን ግን “ጸደቀ” የምንለው በአብዛኛው ሞቶ ገነት ለገባ ሰው ነው። ቃሉ ከምድር ወደ ሰማይ ተሻግሯል ማለት ይቻላል። በሲዳማ ባህል “ሃላሌ” የሚባለው እውነት ደግሞ ከዳኝነት ተለይቶ አይታይም። ሽማግሌዎች በሶንጎ፣ ማለትም በሸንጎ ተቀምጠው የሚፈልጉት ሃላሌን ነው። በእስልምናም ዘካ ሀብታም በፈቃዱ የሚጥለው ሳንቲም አይደለም። በሀብቱ ላይ ድሃው ያለው የታወቀ ድርሻ ነው። ስለዚህ “ማህበራዊ ፍትህ ከውጭ የመጣ የፖለቲካ ቃል ነው” የሚለው አስተያየት ለቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ለሐሳቡ ግን አይሠራም።

ቋጠሮው መሬት ነው

እምነት፣ ፍትህና ታሪክ በዚህ አካባቢ እንዴት እንደተቋጠሩ ለማየት ከመሬቱ መጀመር ይሻላል።

በ1880ዎቹ የአፄ ምኒልክ ጦር ሲዳማን፣ በ1887 ደግሞ ወላይታን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት አስገባ። መንግሥት ለወታደሩ የሚከፍለው ደመወዝ አልነበረውም። ስለዚህ ሰው ሰጠው። እያንዳንዱ ወታደር እንደ ማዕረጉ የተወሰኑ የገበሬ ቤተሰቦች ተመደቡለት። እነዚህ ገበሬዎች “ገባር” ተባሉ። እህል ያስገባሉ፣ ማር ያመጣሉ፣ እንጨት ይሸከማሉ፣ አጥር ያጥራሉ። የአካባቢው ባላባት ሲሶ ሲተውለት፣ የቀረው መሬት ለወታደሩ፣ ለመንግሥትና ለቤተክርስቲያን ተከፋፈለ። ለአገልጋይ ካህናት መተዳደሪያ የተሰጠው “ሰሞን” መሬት ይባል ነበር። በኋላ መሬቱ በገመድ ሲለካ፣ “ቀላድ” ሲጣልበት፣ ብዙ ገበሬ ጠዋት በእጁ የነበረው እርሻ ማታ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ አገኘው። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው። በአንድ ጋሻ ላይ ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር ለሚያውቅ የሲዳማ ሰው ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል።

እዚህ ላይ እምነት የሚገባበት መንገድ ይታያል። ለሲዳማ ገበሬ ታቦቱ፣ ጠመንጃውና ገመዱ የደረሱት በአንድ ሰሞን ነው። ቄሱ የግል ክፋት ሳይኖረው፣ የሚያርስለት ገባር ስለተመደበለት ብቻ የሥርዓቱ አካል ሆነ። “ነፍጠኛ” የሚለው ቃልም መነሻው ነፍጥ ያነገበ ወታደር ነው። ዛሬ ቃሉ የአንድ ሕዝብ ስድብ ሆኖ ሲወረወር ይሰማል። ያኔ የሥራ ስም የነበረውን ዛሬ የደም ስም አድርጎ መጠቀም በታሪክም ስህተት ነው፣ በሞራልም። ከዚያ ሥርዓት አንድ ጭብጥ መሬት ያላገኘ የሰሜን ድሃ ቁጥሩ ብዙ ነው።

የኦርቶዶክስ ወገን ምሁራን የሚያቀርቡት መልስ ክብደት አለው። አንደኛ፣ ክርስትና በደቡብ ከምኒልክ ጦር ጋር ብቻ የመጣ አይደለም። በጋሞ ደጋ ያለችው ብርብር ማርያም ከግራኝ ዘመን በፊት እንደነበረች ትውፊቱ ይናገራል። ሁለተኛ፣ “ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለአራሽ” የሚለውን አባባል እንደ መሬት መዝገብ መውሰድ አይቻልም። ቤተክርስቲያን በእርግጥ ምን ያህል መሬት ነበራት የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ተራው ካህን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጎረቤቱ ገበሬ የተሻለ ኑሮ አልነበረውም። ሦስተኛ፣ በዘመናት ውስጥ ብዙ የአካባቢው ተወላጅ በፈቃዱ ተጠምቆ እምነቱን የራሱ አድርጓል። በታህሳስና በሐምሌ 19 የሐዋሳ ገብርኤልን የሚያጥለቀልቀውን ሕዝብ “የወራሪ ልጅ” ብሎ መጥራት ስድብ ነው።

ሁለቱም እውነት አብረው መቆም ይችላሉ። የተቋም ታሪክና የአማኝ ልብ አንድ አይደሉም።

መሬት እንጂ ሃይማኖት ብቻውን ገበሬውን እንዳላስነሳው የሚያሳዩ ሦስት አመፆች አሉ። በ1952 የጌዴኦ ገበሬ በዲላ አካባቢ በባለርስቶች ላይ ተነሳ። ከ1955 ጀምሮ በባሌ ዓመታት የፈጀ አመፅ ተቀሰቀሰ። በ1960 ደግሞ የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ግብር አልከፍልም ብሎ ሸፈተ። የጌዴኦው ገበሬ ባህላዊ እምነቱን ገና ያልተወ ወይም ወንጌል መስማት የጀመረ ነው። ባሌ ላይ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ጎጃም ላይ ኦርቶዶክስ። ጸሎታቸው ለየቅል ነበር፤ ቁጣቸው ግን ከመሬትና ከግብር አልራቀም። በባሌ የሃይማኖትና የብሔር ቅሬታም ተጨምሮበታል፣ ያን መካድ አይገባም። ግን ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ “አንድ ሃይማኖት ጨቆነ፣ ሌላው ተጨቆነ” በሚል ቀላል ስዕል አይረካም።

አንድ ቃል ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፦ “አስራት”። በንጉሡ ዘመን አስራት ገበሬው ከምርቱ ለመንግሥት የሚከፍለው ግብር ነበር። በሕግ የቀረው በ1960 ነው። ቃሉ ግን መሠረቱ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ዛሬም የወንጌላውያን ምዕመን ከደመወዙ አንድ አስረኛውን “አስራት” ብሎ ለቤተክርስቲያኑ ይሰጣል። አያቱ በግዳጅ ያስገቡትን ልጅ ልጁ በደስታ ይሰጣል። ቃሉ አልተለወጠም፤ በውስጡ ያለው ትዝታ ግን ተገልብጧል። አንድ የታሪክ ክፍለ ጊዜ በዚህ ቃል ላይ ብቻ ቢውል ብዙ ነገር ይፈታል።

ካርታውን ያሰመረው አዋጅ

በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (1999 ዓ.ም.) የተደረገው ቆጠራ በያኔው የሲዳማ ዞን ከአምስት ሰው ከአራቱ በላይ ፕሮቴስታንት መሆኑን ተናግሯል። ይህ እንዴት ሆነ? የተለመደው መልስ “ሚሲዮኖች መጡ፣ ሰበኩ፣ ሰው ተቀበለ” የሚል ነው። ግማሽ መልስ ነው።

ሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን የሚባለው ድርጅት ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ወርደው በወላይታ፣ በሲዳማና በሐዲያ አካባቢ ጣቢያ ተከሉ። ጣሊያን በ1929 ሲያስወጣቸው በወላይታ የተጠመቁት 48 ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ 10,000 ገደማ አማኝ ጠበቃቸው። ይህን ያደረገው ፈረንጅ አይደለም። የወላይታ ገበሬዎች ናቸው። ጣሊያን እያሰራቸው በእግራቸው እየዞሩ፣ ወደ ጎረቤት ሕዝቦችም እየተሻገሩ አስተምረዋል። የዛሬው ቃለ ሕይወት ቤተክርስቲያን ሥር እዚህ ላይ ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የኖርዌይ ሉተራን ሚሽን በይርጋለምና በዲላ መሥራት ጀመረ፤ ያ ሥራ በ1951 ከተቋቋመችው መካነ ኢየሱስ ቤተክርስቲያን ጋር ተያያዘ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የኮምቦኒ ካቶሊክ ሚሲዮናውያን ወደ ሲዳማ ገቡ።

ግን ለምን እዚህ? ለምን ጎጃም ወይም ላስታ አይደለም? መልሱ ከፊሉ በ1936 በወጣ የሚሲዮኖች አዋጅ ውስጥ አለ። አዋጁ አገሪቱን ሁለት ቦታ ከፈላት። የኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን አካባቢ በተባለው ውስጥ ሚሲዮን ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ሊከፍት ይችላል፤ እምነቱን ግን ማስተማር አይችልም። “ክፍት ቦታ” በተባለው ማስተማር ተፈቀደለት። ደቡቡ በአብዛኛው ክፍት ቦታ ሆነ። የማስተማሪያው ቋንቋ ደግሞ አማርኛ እንዲሆን አዋጁ አዘዘ። እንግዲህ ዛሬ “የሕዝቡ ምርጫ” ብለን የምናየው የእምነት ካርታ አንዱ መስመር ቤተ መንግሥት ውስጥ የተሰመረ ነው። የሕዝቡ ምርጫ ውሸት ነው ማለት አይደለም። መስመሩ በሩን ከፈተ፤ በበሩ የገባው ሕዝቡ ነው።

ለምን ገባበት የሚለው ላይ ምሁራን ይለያያሉ። ሚሲዮኑ ይዞት የመጣውን ክሊኒክና ፊደል የሚጠቅሱ አሉ። አንዳንዶች ደግሞ ገበሬው የገዥውን እምነት ሳይቀበል ከገዥው ጋር እኩል የሚሆንበት መንገድ አገኘ ይላሉ፤ ክርስቲያን ሆነ፣ ግን የባለርስቱን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይጠና። ለእኔ ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ብዙ ነገር ያስረዳል። ሆኖም አማኙ ራሱ ሲጠየቅ “እውነትን ስላገኘሁ ነው” ይላል። እሱን ሳይሰሙ ስለ እሱ መጻፍ ጥናቱን ያጎድላል።

ወንጌልና ልማት ሲነጣጠሉ

እምነትና ፍትህ አይገናኙም ለሚሉ፣ ከአገር ውስጥ የወጣ ጠንካራ መልስ አለ። በ1964 መካነ ኢየሱስ ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ያኔ የምዕራብ ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለውኃና ለክሊኒክ ገንዘብ ለመስጠት ፈቃደኞች ነበሩ፤ ለወንጌል ሥራ ግን እጃቸው ያጥር ነበር። ደብዳቤው ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ መክፈል የእናንተ ችግር እንጂ የእኛ አይደለም የሚል ይዘት ነበረው። ዛሬ በወንጌላውያን ኮሌጆች “ሁለንተናዊ አገልግሎት” የሚባለው ትምህርት ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሰውን በሙሉ ማገልገል ማለት ነው፤ ረሃቡን፣ መብቱንና ነፍሱን አንድ ላይ።

ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 በደርግ ተይዘው ተገደሉ። በዚያው ክረምት የኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። የሁለቱም አፅም ወጥቶ በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ነው። በደቡብም በርካታ ቤተክርስቲያናት ተዘጉ፣ ምዕመናን ታሰሩ። መሬት ለአራሹን ያወጀው መንግሥት ነው ይህን ያደረገው። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ ለሲዳማና ለጌዴኦ ጭሰኛ ትልቅ ነፃነት ነበር፤ ያን የሚክድ የደቡብ ገበሬ አይገኝም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ያው መንግሥት የዚያኑ ገበሬ ጸሎት ቤት አሸገ። ፍትህን በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መውሰድ እንደሚቻል ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ዛሬ በነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች የሚካሄደው ክርክር ሌላ መልክ ይዟል። አንዱ ወገን ይህን የሁለንተና መስመር ይከተላል። ሌላው የሚሳበው “የብልጽግና ወንጌል” ወደሚባለው ነው። ይህ ትምህርት ሀብትና ጤና የእምነት ፍሬ እንደሆኑ ያስተምራል። ተከታዮቹ ድሃው ተስፋ የሚያገኝበት፣ ራሱን እንደ ተረገመ ማየት የሚያቆምበት ነው ይላሉ። ተቺዎቹ ደግሞ ድህነት የእምነት ማነስ ከሆነ ድሃው በድህነቱ ላይ ጥፋተኛም ሊባል ነው ሲሉ ይመልሳሉ። የደሞዙና የቤት ኪራዩ ጥያቄ ወደ ግል ጸሎት ይገባና ከአደባባይ ይጠፋል። በዚህ ክርክር ከተቺዎቹ ጋር ነኝ።

ከውስጥ ያለው በደል

የአካባቢ ታሪክ ሲነሳ አንድ አደጋ አለ። በዳይ ሁልጊዜ ከውጭ የመጣ፣ ተበዳይ ሁልጊዜ የአገሬው ሰው ይሆናል። እውነቱ ይህን አይፈቅድም።

በሲዳማ ሸክላ የሚሠሩት ሃዲቾ፣ ቆዳ የሚያለፉትና ብረት የሚቀጠቅጡት ወገኖች ለረጅም ዘመን ዝቅ ተደርገው ሲታዩ ኖረዋል። ከእነሱ ጋር መጋባት ነውር ነበር። በወላይታም፣ በከፋም፣ በሰሜኑም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ሰሜን ላይ “ቡዳ” ይባሉ የነበሩት ባለሙያዎች እነማን እንደነበሩ ማስታወስ ይበቃል። እነዚህ ወገኖች ከገዥው ጦር በፊትም ተበዳይ ነበሩ፣ ከ1967 በኋላም በደሉ በአንድ አዋጅ አልጠፋም። አዲሱ እምነት ሁሉንም በአንድ ወንበር አስቀመጠ። ልጅ ሲዳር ግን ወንበሩ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ማህበራዊ ፍትህ በኮሌጅ የሚጠና ከሆነ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። የሌላውን በደል መቁጠር ቀላል ነው። የራስን ቤት ገበታ መመርመር ያስቸግራል።

ፊቼ፦ ባህል ወይስ አምልኮ?

ንግግሩ ሁሉ በጣም የሚሞቀው እዚህ ላይ ነው። ፊቼ ጫምባላላ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ቀኑን የሚያውጁት አያንቶ የሚባሉ ከዋክብትን የሚያነቡ አዋቂዎች ናቸው። የባህሉ ትረካ አንዲት ያገባች ሴት በዓመት አንዴ ቤተሰቧን ልትጠይቅ ስትሄድ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ “ቡሪሳሜ” ይዛ ትሄድ እንደነበርና ጎረቤት አብሮ ይበላው እንደነበር ያወሳል። በበዓሉ ሽማግሌዎች ሠርታችሁ ብሉ፣ አትስረቁ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ ነባር ዛፍ አትቁረጡ ብለው ያስተምራሉ። ልጆች “አይዴ ጫምባላላ” እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ።

ባለፉት አስርት ዓመታት ብዙ የወንጌላውያን ምዕመናን ከዚህ በዓል ራቁ። ከዋክብት ማንበቡና ምርቃቱ ከአምልኮ ጋር ይነካካል በሚል። ሲዳማ ህዳር 10 ቀን 2012 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከ98 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ክልል ለመሆን ሲወስን ግን በዓሉ የማንነት ምልክትነቱ በረታ። አሁን አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሲዳማ ልጅም አጥባቂ ፕሮቴስታንትም ሲሆን በዓሉ ወደሚከበርበት ሐይቅ ዳር ይሂድ ወይስ ይቅር?

“በዓሉን ከአምልኮው ለይተን ባህሉን እንያዝ” የሚሉ አሉ። ባህልና እምነት እንደ ልብስ ተቆርጦ አይለይም የሚሉም አሉ፤ በዚህ የሚስማሙት ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ወገኖች ናቸው፣ ጥብቅ ፕሮቴስታንቱና ባህላዊ እምነቱን የያዘው ሽማግሌ። ሁለቱም “አትቁረጡት” ይላሉ። ምክንያታቸው ግን ፍጹም ይለያል። ኮሌጁ ለማንም መፍረድ የለበትም። የሚጠበቅበት የበዓሉ ክፍሎች ከየት እንደመጡ፣ ማን ምን ትርጉም እንደሚሰጣቸው በትዕግሥት መመዝገብ ነው። ከዋክብቱን የሚያነቡት ሽማግሌም በዚያ አዳራሽ እንደ ቅርስ ሳይሆን እንደ አዋቂ ተጋብዘው መናገር አለባቸው።

ስብከትንና ጥናትን የሚለየው

በሲዳማ ሽምግልና “አፊኒ” የሚባል ልማድ አለ። ቃሉ “ሰምታችኋል?” እንደማለት ነው። አንድ ጉዳይ ሲቀርብ ሁሉም ወገን እስኪሰማ፣ ሁሉም ሐሳቡን እስኪሰጥ ውሳኔ አይቸኮልም። ጥሩ የኮሌጅ ንግግር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስብከት መደምደሚያውን ይዞ ይጀምራል፤ ያ ለስብከት ነውር አይደለም፣ ሥራው ነው። ጥናት ግን ሊሸነፍ የሚችልበትን ማስረጃ ራሱ ፈልጎ ማምጣት አለበት።

ማስረጃው ደግሞ ቀላል አይደለም። የሚሲዮን ደብዳቤዎች የአካባቢውን እምነት “ጨለማ” ብለው ያልፉታል፤ ሰውንም ራሱ በማይጠራበት ስም ይጠሩታል። የመንግሥት መዝገብ የገበሬን ጩኸት “ሽፍትነት” ይለዋል። የቃል ትዝታ ከዓመት ወደ ዓመት ይሳሳል፣ ከፖለቲካው ጋርም ይለዋወጣል። ሦስቱንም ያላገናኘ፣ በአንዱ ብቻ የተማመነ ጽሑፍ የአንድ ወገን አቤቱታ ሆኖ ይቀራል። የሙስሊሙ ታሪክ ደግሞ ከሁሉም በላይ የተረሳ ነው። የሐዲያ ሱልጣኖች በመካከለኛው ዘመን ከክርስቲያን ነገሥታት ጋር ሲዋጉም ሲጋቡም ኖረዋል፤ ዝነኛዋ ንግሥት እሌኒ ከሐዲያ ገዥ ቤት የወጣች ናት። ሐዋሳ ላይ ስለ እምነትና ታሪክ ተነጋግሮ ይህን መዝለል ትልቅ ጉድለት ነው።

ከዚህ ምን ሊከተል ይችላል?

ክልል ሲቋቋም የራሱን የትምህርት መጽሐፍ ያዘጋጃል፤ የአካባቢ ታሪክም ይፈልጋል። ያ ታሪክ ከየት ይመጣል? ኮሌጆች ካልሠሩት ካድሬው ወይም የቲክቶክ ተናጋሪው ይሠራዋል። ይህ ተገቢ ስጋት ነው።

ሌላው ስጋት ታሪክ የ“ባለቤት” እና የ“መጤ” መለያ እንዳይሆን ነው። ሐዋሳ በ1952 አካባቢ የተቆረቆረች፣ ከየአቅጣጫው ሰው የገባባት ከተማ ናት። ከዳርቻዋ ያሉት ኮረብታዎች ስም እንኳ ይህን ይናገራል፤ አንዱ ታቦር ነው፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ። ሌላው አላሙራ። በሰኔ 2010፣ በፊቼ ሰሞን በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል በተነሳው ግጭት ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከሁለቱም ወገን ብዙዎቹ በአንድ መዝሙር የሚያመልኩ ሰዎች ነበሩ። አያቶቻቸው በአንድ ሥርዓት የገበሩ፣ በአንድ ዘመን ወንጌል የሰሙ ናቸው። እምነትም የጋራ በደልም በራሳቸው አላዳኑም። ለምን አላዳኑም የሚለው ጥያቄ ሐዋሳ ላይ ላለ ማንኛውም ኮሌጅ ዋና የምርምር ርዕስ መሆን ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

“ቁስሉን አትንኩት” የሚሉትን ስጋት አላቃልልም። በጥላቻ የሚነገር ታሪክ ከዝምታ የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ግን ዝምታውም ባዶ አይደለም፤ ቤት ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ያለ ማስረጃና ያለ መልስ ሰጪ የሚወራ ታሪክ ይሞላዋል። አዳራሽ ውስጥ ቢያንስ እጅ አውጥቶ “ይህ ስህተት ነው” የሚል ሰው ይኖራል።

ጊዜው ግን አጭር ነው። በ1967 መሬት ሲታወጅ የ25 ዓመት ጭሰኛ የነበረ ሰው ዛሬ ከ75 ዓመት በላይ ነው። ቀላድ ሲጣል ያዩትን የሰማ፣ ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ የነበረ፣ ሸክላ ሠሪ ሆና ገበያ ዳር የተቀመጠች፣ ሰሞን መሬት ላይ ያገለገለ ቄስ፣ ሁሉም በየቀበሌው አሉ። ድምፅ መቅጃ የያዘ፣ ሲዳምኛ ወይም ጌዴኦኛ የሚሰማ ተማሪ በዚህ ዓመት ቢሄድ ያገኛቸዋል።